እሳት የያዘው ወታደርና የአዴ ዘሃራ ሲንቄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የሶማሌው ጦርነት ካበቃ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ዘንድሮ ልጽፈው የተነሳሁት አዴ ዘሃራ ስላረፉ ነው። እሳቸው እያሉ ስንገናኝ ያን ቀን እናነሳው ነበር። አሁን የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ብቻን ማስታወስ ደግሞ ያደክማል።

ተወልጄ ያደግሁት ሮቤ ነው። አያቴ ከመንዝ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን በኦሮምኛውም በአማርኛውም እኩል ነው አፌን የፈታሁት። ያኔ ቅቤ ነጋዴ ነበርኩ። ከገሰራ ገጠር እየገዛሁ ሮቤና ጎባ እሸጥ ነበር። አዴ ዘሃራ ደንበኛዬ ነበሩ። ቅቤያቸው መሐል ከቅቤ ሌላ ነገር አይገኝም፤ የዚህን ዋጋ ቅቤ የገዛ ሰው ያውቀዋል።

በዚያ ወቅት ገበሬው ቤቱን አፍርሶ መንግሥት በቀየሰው አዲስ መንደር እንዲሰፍር ታዞ ነበር። ያልገባ ሁሉ ወንበዴ ይባላል። አዴ ዘሃራና ጎረቤቶቻቸው ገብሳችንን ሳንሰበስብ አንሄድም ብለው ቆዩ። እኔ ቅቤ ልወስድ በሄድኩ ማግስት ጦሩ አሰሳ ጀመረና መንገዱ ተዘጋ። ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ላይ ሸሹ። ሴቶቹና ልጆቹ ወደ ዋቤ ወንዝ በሚወርደው ገደል ውስጥ ወዳለ ዋሻ ገቡ። አዴ ዘሃራ እጄን ይዘው፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእኔ ቤት እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርም" አሉኝ። ተከትያቸው ገባሁ።

ባለቤታቸው ኦቦ ቃሲም ዳሌያቸው ተሰብሮ ስለነበር በቆዳ ተሸክመን ነው ያወረድናቸው። ዋሻውን ከሁላችንም የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አውሮፕላን ሲመጣ በልጅነታቸውም፣ በሶማሌው ጦርነትም ተጠልለውበታል። ሩቅ መሄድ ስለማይችሉ ከእኛ ጋር የቀሩትን ጥጆች፣ ጩኸታቸው እንዳይሰማ፣ ወደ መጨረሻው ጓዳ አስገቧቸው አሉ፤ አስገባናቸው። እስከዚያ የተሰበሰበውን ገብስ ከበሩ አጠገብ ከመርን።

ረፋድ ላይ ከአፋፉ ተኩስ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው በአማርኛ "ውስጥ ያላችሁ ውጡ!" እያለ ሲጣራ ሰማን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ፤ ከመካከላችን አማርኛ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ በሩ ሄጄ አጮልቄ አየሁ። አንድ ወታደር ብቻውን ቆሟል። በጀርባው የብረት ሲሊንደሮች አዝሏል፤ ከነሱ የወጣ ጎማ በእጁ ከያዘው ጠመንጃ መሳይ ነገር ጋር ተያይዟል። በመንግሥት እርሻ የአረም መድኃኒት የሚረጩትን ሰዎች መሰለኝ። ሽታው ግን የቤንዚን ነው።

"ምንድን ነው የተሸከምከው?" አልኩት።

"እሳት ነው፣ እህቴ። ዋሻውን አቃጥል ተብያለሁ። ሰው ካለ ይውጣ።"

በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብዙ ቀን ያልተኛ ሰው ድምፅ ነበር። የእኔም ድምፅ ከዚያ አይሻልም።

ለሰዎቹ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ኦቦ ቃሲም ከተኙበት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወጥመድ ነው። ስንወጣ ሊጨርሱን ነው። ሁላችሁም ጥጆቹ ወዳሉበት ግቡ። ዋሻው ይታጠፋል፤ ጥይትም እሳትም መታጠፍ አይችሉም" አሉ። እውነት መሰለኝ። ልጆች ያቀፉ ሴቶች ወደ ውስጥ መሄድ ጀመሩ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህንኑ ለወታደሩ ነገርኩት። "ወደ ውስጥ እንገባለን፤ እሳትህ እዚያ አይደርስም ይላሉ" አልኩት።

መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። "እሳቱ ላይደርስ ይችላል። የሚተነፍሱት አየር ግን ያልቃል። ሌላ ቦታ ከተቃጠለ በኋላ ገብቼ አይቻለሁ። ወደ ውስጥ የሸሸውም አልተረፈም። እባክሽ ንገሪያቸው።"

ስነግራቸው ሴቶቹ ባሉበት ቆሙ። ኦቦ ቃሲም ግን "እኔ አልወጣም፣ ወደ ጓዳው ውሰዱኝ" አሉ። ያን ጊዜ አዴ ዘሃራ ሲንቄያቸውን አንስተው በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ወንዶች ሲጣሉ ሴት ሲንቄዋን መሐል ካኖረች፣ ያለፈ የተረገመ ነው። ደም የተቃባ እንኳ ይመለሳል። አዴ ዘሃራ በትሯን ወታደሩ ፊት አግድም ያዙ። ሌሎቹም ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ከኋላቸው ቆሙ።

"ንገሪው" አሉኝ። "ይህ ከተያዘ ወንድ አያልፍም። ይመለስ በይው።"

"ዱላው ምንድን ነው?" አለ። አስረዳሁት። በትሯን አየና፣ "እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ይህን አላውቅም። ብመለስ ሌላ ሰው ይልካሉ። እሱ ደግሞ አይጣራም። ዞር ይበሉልኝና ባዶውን ዋሻ ላቃጥለው" አለኝ።

ይህን ስተረጉም አዴ ዘሃራ አልተነቃነቁም። "ሲንቄ ተይዞ ዞር አይባልም። እሱ ሳይመለስ እኔ ከተነሳሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ አገር ሴት የያዘችው ሲንቄ ማገዶ ነው" አሉ።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። መሐል ላይ የቆምኩት፣ የሁለቱን ቋንቋ የማውቀው፣ እኔ ነበርኩ። ከአፋፉ፣ ገደሉ ከእኛ የከለለው አለቃው "ምን ትጠብቃለህ?" ብሎ ጮኸ። ወታደሩ ቀና ሳይል "ጎማው ተጣሞብኝ ነው!" ብሎ መለሰ። ውሸቱን ስሰማ ይህ ሰው ሊያቃጥለን እንዳልመጣ ገባኝ።

"ስማኝ ወንድሜ፣" አልኩት፣ "እሳቸው ሲንቄውን ሊያነሱት የሚችሉት አንተ ከተመለስክ ብቻ ነው። ጀርባህን ሰጥተህ ትንሽ ራቅ በል። ሲንቄው ተከበረ ማለት ነው፤ ያኔ ይወጣሉ።"

የገደሉን ግራና ቀኝ ቃኘ። የጠየቅሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ጀርባው ላይ ያለው ቤንዚን ነው። ከዋሻው ወይም ከቁጥቋጦው አንድ ጥይት ቢመጣ ይነዳል።

"ውስጥ መሣሪያ የያዘ አለ?"

"የለም።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

ዞረና ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረ። አንገቱ ወደ ትከሻው ሰምጦ ነበር። ጥይት የሚጠብቅ ሰው አካሄድ መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ጥይት አልመጣም፤ ራቀ።

አዴ ዘሃራ ሲንቄዋን አነሱ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ባለቤታቸውን፣ "ጠላት ለሲንቄዬ ተመልሷል። አንተ እዚህ ከቀረህ ያዋረድከኝ አንተ ነህ" አሏቸው። በቆዳው አድርገን ይዘናቸው ወጣን። ጥጆቹን ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። እሳት አይደርስባቸውም ብለን ተውናቸው።

ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ተሸሸግን። ወታደሩ ተመልሶ መጣ። አላየንም፤ ማለቴ እንዳላየን ሆነ። ጠመንጃ መሳዩን ወደ ዋሻው አፍ አዙሮ ተኮሰ። እሳቱ እንደ ውሃ ነው የሄደው፤ ቀጥ ብሎ ገባ። ደጋገመው። ሙቀቱ ድንጋዩን አልፎ ፊታችንን ለበለበን። ከሁሉ የማልረሳው ግን ቅጠሉን ነው። መሬት ላይ የነበረው ደረቅ ቅጠል ሁሉ ተነስቶ ወደ ዋሻው አፍ ይሄድ ጀመር። ዋሻው እየተነፈሰ ነበር።

ወታደሩ ባዶዎቹን ሲሊንደሮች ተሸክሞ ገደሉን ወጣ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ከገብሱ የተረፈ ካለ ብለን ተመለስን። ገብሱ አመድ ሆኗል። አዴ ዘሃራና እኔ ኩራዝ ይዘን ወደ ውስጥ ገባን። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ ግድግዳው አልጠቆረም። መጨረሻው ጓዳ ስንደርስ ጥጆቹ እንዳሰርናቸው ተኝተዋል። ጸጉራቸው አልተለበለበም፤ ገመዱም አልተነካም። አዴ ዘሃራ አንዷን በእግራቸው ነካ አደረጓት። አልተነሳችም።

ለኦቦ ቃሲም ስንነግራቸው፣ "ለእኔም ቦታ ይዘውልኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዋሻው ሲያነሱ አልሰማሁም።

እኔ እንደምንም ሮቤ ገባሁ፤ እነሱም አዲሱ መንደር ገቡ። ያን ወታደር ላመሰግነው ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። "ገብቼ አይቻለሁ" ያለው ሌላኛው ዋሻ ትዝ ሲለኝ ግን ላመሰግነው አልችልም። ልረግመውም አልችልም፤ በእሱ ምክንያት ቆሜያለሁ። ሁለቱን ይዤ አርጅቻለሁ፤ ከባድ ነው።

ዛሬ ልጆቼ የሌላ አገር ጦርነት በቴሌቪዥን ያያሉ። ምድር ቤት የገባን ሰው ሳይነካ አየሩን የሚጨርስ መሣሪያ ወጣ ይላሉ፤ አዲስ ነገር ይመስላቸዋል። ሰዎቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ይተርፋሉ ሲሉኝ፣ "ከውጭ የተጣራላቸው ሰው አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ልጆቼ እርስ በርስ ይተያዩና፣ "ማን ይጣራል፣ እማዬ?" ይሉኛል።