መኪናው ሲቆም የሚጮኸው ረዳት

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷም አለበት፣ ምላሷም አለበት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በመስኮቱ በኩል በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋ፣ በግድግዳው በኩል አልጋዋ፣ መሃል ላይ ደግሞ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ነው። ደንበኞቿ ያንን ደረጃ እያለከለኩም ቢሆን ለምደውታል። ከዚያች ክፍል ብትወጣ መኖሪያዋም መተዳደሪያዋም አብሮ ነው የሚሄደው።

አከራይዋ ከሥሯ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሕንፃው ሰው ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው፤ ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት ለይቶ የሚያውቅ የለም። የእማማ ደንብ አጭር ናት፦ በዚህ ቤት ሰው ብቻ። ውሻ የለም፣ ድመት የለም፣ ጫጩትም የለም። «ወፍስ ቢሆን?» ብሎ የጠየቀ ተከራይ ነበር፤ አሁን ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው።

ታዲያ ውሻው ከየት መጣ? መርፌ አንድ የቆየ ደንበኛ ነበራት፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። ሽማግሌው ልብሳቸውን ሰጥተው መሄድ አያውቁም። «ሾፌር ጭነቱን ጥሎ አይሄድም» ይሉና ሥራው እስኪያልቅ በርጩማው ላይ ቁጭ ነው። አብሯቸው የማይለይ ቡናማ ውሻ ነበራቸው፤ ስሙ ረዳት ነው። እማማ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ይዘው ሲያፋጥጧቸው፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ «ተከራይ መሰለዎት እንዴ? መንገደኛ ነው!» ብለው ሽቅብ ወጡ። እማማም ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ለቀቁ።

ረዳት ከገባ የሚተኛው ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከመርፌ እግር አጠገብ ነው። መኪናው ትርርር ሲል እሱ ያንኮራፋል። መኪናው ሲቆም ሱሪው አለቀ ማለት ነው፤ ሽማግሌው ይነሣሉ፣ ረዳት ደግሞ በሩ ላይ ቀድሞ ቆሞ ይጮኻል። «ያው ሂድ እያለኝ ነው፤ ረዳት አይደል!» ይሉ ነበር እየሣቁ።

ሽማግሌው ሞቱ። ዘመድ መጥቶ ቤታቸውን ቆለፈ፤ ውሻውን ግን ማንም ልብ አላለው። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ከሰዓት መርፌ በሯ ሲቧጨር ሰማች። ረዳት ነው። ከስቶ፣ ጸጉሩ ጭቃ ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ገባና ከመኪናው ሥር ተጠቀለለ። መርፌ ቀብር ላይ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለችው። እሱም የሰማ አይመስልም፣ እሷም ያመነች አትመስልም።

ችግሩ የመጣው መኪናውን ስታቆም ነው። ረዳት ብድግ አለና በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። መርፌ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች፤ ከወለሉ ሥር እማማ አሉ! ምን እንደምታደርግ ሲጠፋት መርገጫውን ረገጠችው፤ ትርርር። ረዳት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ሰማ፣ ተመለሰ፣ ተኛ። አወይ ግልግል አለች። ግልግል አልነበረም እንጂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ መኪናው ላይ ከተቀመጠች መነሣት ቀረ። ስትበላ ትረግጣለች፣ ጸጉሯን ስታበጥር ትረግጣለች። ረዳት ድብን ያለ እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት እግሯን ቀስ አድርጋ ታነሣለች። ጎሕ ሳይቀድ በቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ከትታ በጀርባዋ አዝላው ትወርድና አናፍሳው ትመለሳለች። አንድ ቀን ምድር ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ሱቁን ሲከፍት አያት።

«እትዬ» አላት በሹክሹክታ፣ «ቁርጥራጭዎ ጭራ አውጥቷል።»

«አንተ ዓይንህን ጨፍን! ብታወራ ውርድ ከራሴ።»

«እኔ ምን አየሁና!» አለ፤ የከረጢቱን አፍ ግን ራሱ ሰብስቦ አሰረላት።

ሥራዋም ነገር ዓለሙ ተበላሸ። ተነሥታ መለካት ስለማትችል ደንበኛውን በሩ ላይ አቁማ፣ «ዙር፣ እጅህን አንሣ፣ በቃ» እያለች በዓይኗ መለካት ጀመረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጸጉር አስተካካዩ አዲሱን ሱሪውን ለብሶ ተመለሰ።

«እትዬ፣ አንዱ እግሬ ከሌላው ይረዝማል እንዴ?»

«ዛሬ ነው እንዴ ያወቅኸው?» አለች፣ ቀና ሳትል።

የሚሰፋ ሲያልቅባት የራሷን አንሶላ ቀደደችና ሰፋችው። እሱም ሲያልቅ ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ ባዶውን ትረግጥ ጀመር። ጉልበቷ አበጠ። ማታ ማታ አንዱን እግሯን በሞቀ ውኃ ነክራ፣ በሌላው እየረገጠች ረዳትን ከላይ እስከ ታች ትሰድበዋለች፤ እሱ ደግሞ ከውኃው ይጠጣል። አሳልፋ ልትሰጠው ግን አንዴም አላሰበችም። ወድዳዋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። የእማማ ማንኳኳት አይሳትም። መርፌ ያገኘችውን መጋረጃ በመኪናው ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ረዳትን ሸፈነችው፤ እግሯ ግን መርገጡን አላቋረጠም።

እማማ ገቡና የሽማግሌው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ እኔ አንቺን ሳመሰግን ነው የኖርኩት። ታታሪ ናት፣ ጨዋ ናት እያልኩ።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ እማማ።» ትርርር።

«አሁን ግን ቤቴን ልቀቂልኝ።»

የመርፌ እግር በገዛ ራሱ ፈጠነ። «ምን... ምን አጠፋሁ እማማ?»

«ምን አጠፋሁ? ጣሪያዬን ነዋ የምትሰፊው! ጠዋት ትርርር፣ ቀን ትርርር፣ ማታ ትርርር! ጸሎቴን እንኳ የማደርሰው ከመኪናሽ ጋር እየተሽቀዳደምኩ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ከዚህስ ውሻ ብታሳድጊ ይሻለኝ ነበር! ውሻ ቢጮህ ቢጮህ ያርፋል። አንቺ አታርፊም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መርፌ ያቺን ቃል ከአየር ላይ ቀለበቻት። «ምን አሉ እማማ? ይድገሙልኝ።»

«ውሻ ይሻላል አልኩሽ!»

መርፌ እግሯን አነሣች።

ትርርሩ ቆመ። ብዙም አልቆየ፤ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ ረዳት መጋረጃውን እንደ ካባ አንጠልጥሎ ወጣና በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። እማማ ሁለቱንም እግራቸውን በርጩማው ላይ ሰቀሉ።

«ይሄ... ይሄ የሾፌሩ አይደለም እንዴ? መንገደኛው?»

«እሱ ነው እማማ። ባለቤቱ ሲሞት ወደኔ መጣ። መኪናው ሲቆም ይጮኻል፤ እኔም እንዳይሰሙብኝ ብዬ...» ያበጠ ጉልበቷን አሸች። «ለእሱ ብዬ ነው ሳላቋርጥ የምረግጠው። ቤቱንም ያሳጡኝ፣ ደግ፤ እሱን ግን ሜዳ ላይ አልጥለውም። የት እንደምንገባ አላውቅም፣ ግን አልጥለውም።»

ረዳት እንደገና ጮኸ። በሩን አየ፣ መርፌን አየ፣ በሩን አየ። እማማ እግራቸውን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ውሻውን ትክ ብለው ተመለከቱት።

«ሾፌሩ መኪናሽ ሲቆም ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ያደርጋሉ? ይነሡና አብረው ይሄዳሉ።»

«አንቺስ ሲጮኽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እረግጣለኋ።»

«እኔን!» አሉ እማማ ጭናቸውን በጥፊ መትተው። «አንቺ ሴት፣ ዕውር ነሽ እንዴ? ሥራ አለቀ፣ እንሂድ እያለሽ እኮ ነው! ይሄን ሁሉ ጊዜ እንሂድ ሲልሽ አንቺ ሥራ ትጀምሪያለሽ? ተነሺለታ!»

መርፌ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። ጉልበቷ ቋ አለ። ረዳት ወዲያው ዝም አለ። ቀና ብሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ይቺ ሴት መቆም ትችላለች ለካ ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ጭራው መላ ወገቡን ይዞ ተወዛወዘ።

«ደንብ ደንብ ነው» አሉ እማማ፣ ሣቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ። «ውሻ ተከራይ አይሆንም። መንገደኛ ግን አላባርርም። ከመሸ በኋላ ያንን መኪና ብሰማ ነው ሁለታችሁንም የማስወጣችሁ!»

ረዳት ደረጃውን ወረደ፤ በየማረፊያው እየቆመ ይጠብቃታል። መርፌ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንቱ ሰው በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብሎ እንደጠበቀ አሰበች። ሱሪውን የሚጠብቅ፣ ቀሚሷን የምትጠብቅ ሞልቶ ነበር። እሷን ራሷን የጠበቀ ግን አልነበረም። ማረፊያው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አላበሰችውም።

በታችኛው ደረጃ ላይ ጸጉር አስተካካዩ ኮት አንጠልጥሎ ሲወጣ ተገጣጠሙ። ከረጢት የለም፣ ውሻው በግልጽ ፊት ለፊት እየመጣ ነው፤ ሰውየው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«እትዬ! ምን ሆኑ? እኔ ደግሞ ለዚች ቁልፍ ላስተክል ብዬ...»

«ነገ!» አለች መርፌ እንባዋን ሳትደብቅ፣ ሳትቆምም። «አሁን የሚጠብቀኝ አለ።»