እናቴ የተደገፈችው ምሰሶ

እናቴ ካሜራ ፊት ስትቆም የተከሰሰች ትመስል ነበር። የሳቀችበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀድሞ ባሌ ጋር የተነሳችው። ምን ብሎ እንዳሳቃት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስታርፍ ለለቅሶው ድንኳን ትልቅ ፎቶ አስፈለገና ስልኬን ይዤ ጂንካ ገበያ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ።

«ይሄን ሰውዬ አጥፋልኝ» አልኩት ባለ ፎቶ ቤቱን።

ፍርድ ቤት ስንት ቀጠሮ ከሰጠበት የፍቺ ጉዳይ እሱ ሻዩን ሳይጨርስ ገላገለኝ። ከዚያ ግን አንገቱን አከከ።

«እህቴ፣ ሰውዬው ወጥቷል። ግን እማማ ተደግፈውት ነበር እኮ። አሁን ሊወድቁ ነው የሚመስሉት።»

እውነቱን ነው። እናቴ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ለባዶ ቦታ ትስቃለች። ባለ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ አሳየኝ፤ ፏፏቴ አለ፣ ቪላ አለ፣ አውሮፕላንም አለ። በመጨረሻ ነጭ የእብነ በረድ ምሰሶ መረጥን። ከወይጦ አልፋ የማታውቅ ሴት የቤተ መንግሥት ምሰሶ ተደግፋ ታተመች።

ድንኳኑ ውስጥ መዘምራኑ ስለ ሰማይ ቤት ሲዘምሩ፣ ለቀስተኛው ዓይኑን ከምሰሶው አልነቀለም።

«ውጭ አገር ሄዳ ነበር እንዴ?» አለች አክስቴ እንባዋን እየጠረገች።

«ለእኛ እንኳ ሳትነግረን!» አለች ጎረቤታችን፤ ለቅሶዋም በአዲስ ጉልበት ቀጠለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ድንኳኑን ያወዛውዘው ጀመር። አንድ ሰው ከኋላ ዘሎ መጥቶ ፎቶው አጠገብ ያለውን የድንኳን እንጨት ጨብጦ ያዘ። ቀና ስል እሱ ነው፤ ያስጠፋሁት ሰውዬ። ለለቅሶው ከገዘር ከተማ መጥቶ፣ እኔን ፈርቶ ኋላ ተቀምጦ ኖሯል። እንባው ይወርዳል፤ እጁ እንጨቱን ስለያዘ መጥረግ እንኳ አልቻለም።

የቆመው በእብነ በረዱ ምሰሶ በኩል ነበር። እናቴ ከፎቶው ውስጥ ወደ እሱ ዘንበል ብላ ትስቃለች። ሰውዬውን አሁንም አልወደውም። ግን የፈታሁት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

ንፋሱ በረድ ሲል እንጨቱን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ዞር አለ።

«ተወው» አልኩት። «እዚያው ቁም።»