ኦቦ ጋሮማ መንገድ ላይ ያገኙት ልጅ

ኦቦ ጋሮማ ሰበታ ውስጥ ሳይክል ይጠግናሉ። ድሮ ገበሬ ነበሩ። ተፍኪ አጠገብ ያለው የጤፍ ማሳቸው ለፋብሪካ ተብሎ ሲወሰድ ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ይቀራቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው ካላማዳሪያ መለጠፍ ተማሩ። ሰው ሲያዝንላቸው ይበሳጫሉ። «እጄን አልወሰዱብኝም» ይላሉ፣ የተቀደደውን ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከሩ።

በየዓመቱ ለታኅሣሥ ተክለሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም በሳይክል የምንሄደውን ሰዎች የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ ደብረ ሊባኖስ፣ ሦስት ቀን። ጎበዝ ከዚያ ባነሰ ይደርሳል፤ እኛ ግን ጎበዞች አይደለንም። እኔ ስንዱ፣ ጫማ ነጋዴ ነኝ፣ ጉልበቴም ዳገት አይወድም። የኦቦ ጋሮማ ሕግ አንድ ነው፤ ደካማ ይቅደም። ጠንካራ ከፊት ከሆነ ዞር ብሎ አያይም፣ የቀረውን ጅብ ይበላዋል ይላሉ።

በ2008 ከስድስታችን ደካማው ፍቅረሥላሴ ነበር። ፍቅረሥላሴ የማዘጋጃ ቤት የመሬት ሠራተኛ ነው። የኦቦ ጋሮማን ማሳ ሜትር ይዞ የለካውና ችካል ያስተከለው እሱ ነው፤ ይህን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለት አለብኝ ብሎ ሲመጣ ይመልሱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። «የጻድቁ መንገድ የኔ ርስት አይደለም» አሉና የሳይክሉን ፍሬን አጠበቁለት። እኔ አኩርፌ ቡራዩ እስክንደርስ አላናገርኩትም።

ጊዜው ክፉ ነበር። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ሊያያይዝ ነው ሲባል ሰዉ መሬታችን ሄደ ብሎ ተነስቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ የሰው ልጅ ወጥቶ ይቀራል። ቡራዩ ያሳደሩን ሰዎች ተመለሱ አሉን። ሱሉልታም እንደዚሁ። ኦቦ ጋሮማ «ተሳላሚ አይነካም» አሉ፣ እኛም አመንናቸው።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ጠዋት ሱሉልታን አልፈን ወደ ጫንጮ ስንሄድ ጭስ አየን። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ፍቅረሥላሴ ከባድ ሰው ነውና ቁልቁለቱ ይዞት ሄዶ ቀድሞን ደረሰ። ስንደርስ ከበውታል። በኦሮምኛ ሲጠይቁት እሱ አመሰግናለሁ ከማለት፣ ከ«ገለቶማ»፣ ሌላ የሚለው የለም። ስምንት ዓመት ሰበታ ኖሮ አንዲት ቃል! አንዱ ቀጭን ወጣት አተኩሮ አየው።

«እኔ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ። «ተፍኪ አጎቴ ጋ ችካል ያስተከለው እሱ አይደለም?»

ዱላዎቹ ከትከሻ ወረዱ። እውነቱን ልናገር፣ ውስጤ «ይበለው» ብሏል። ወዲያው ፈራሁ፣ በራሴም አፈርኩ።

ወጣቱ ዞሮ ኦቦ ጋሮማን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ «ኦቦ፣ ነምኒ ኩን ኤኙ?» አላቸው። ሰውዬው ማን እንደሆነ እሳቸው እንዲናገሩ ነው።

የኦቦ ጋሮማ ዓይን ፍቅረሥላሴ ላይ ነው፤ የሚታያቸው ግን ማሳቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። «እሱ ነው» ቢሉ ይበቃል፣ ውሸትም አይሆንባቸውም።

«ኢልመ ኮቲ» አሉ። ልጄ ነው ማለታቸው ነው።

ወጣቱ ሳቀ። «ቋንቋችንን የማያውቅ ልጅ?»

«የጉዲፈቻ ነው።»

ከመንገዱ ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ፍቅረሥላሴን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። «ስማ» አሏቸው ኦቦ ጋሮማን፤ «በሰው ፊት ልጄ ያልከው ልጅህ ነው። ቢበድልህም አትክደውም። ከአብራክህ ከወጣው እኩል ነው። አውቀህ ነው የተናገርከው?»

ኦቦ ጋሮማ ላባቸውን ጠረጉ። «አውቄ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ድንጋዩም ተነሳልን።

ደብረ ሊባኖስ ደርሰን ተሳለምን። ፍቅረሥላሴ ኦቦ ጋሮማ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ለማምለጥ ያልኩት መሰለህ? ሽማግሌ ፊት ነው የተናገርኩት፤ አሁን ወዴት እመልሰዋለሁ?» ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው አይደለም። በገዛ አፋቸው ተናደው ነበር።

ሰበታ የተመለስን ዕለት ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኔም ወሬ እወዳለሁና ተከተልኩ። ባለቤታቸው አዴ ገለቴ በር ላይ ነበሩ። አይተውት ወዲያው አወቁት፤ ያኔ ችካሉ ሲተከል ማሳው ላይ ተጋድመው «መጀመሪያ በእኔ ላይ ትከሉት» ያሉ ሴት ናቸው። ኦቦ ጋሮማ የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

«ልጅ ስታመጣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ አዴ ገለቴ።

በጉዲፈቻ ደንብ አባት ቢናገርም እናት ያልተቀበለችው ልጅ ልጅ አይሆንም።

«ግባ» አሉት በመጨረሻ ፍቅረሥላሴን። «ግን ለእናት አይዋሽም። ያን ቀን መሬት ላይ ተጋድሜ ስታየኝ ምን እያሰብክ ነበር? ቁጭ ብለህ ትነግረኛለህ።»

ገባ። ኦቦ ጋሮማ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ምንም ያልሆነ ጎማ መፍታት ጀመሩ። እኔም ሳይክሌን ይዤ ቆምኩ። ፍቅረሥላሴ ከውስጥ ሲናገር እያለቀሰ ነበር።

«ምሳ የት እንደምንበላ ነበር የማስበው» አለ።

ኦቦ ጋሮማ እጃቸው ጎማው ላይ ቆመ። አዴ ገለቴ ምን ሊሉት ነው ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። «ዛሬስ በልተሃል?» ሲሉት ሰማሁ።