ሁለቱ የተሳቢ መብራቶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት በትራክተራችን ተሳቢ ላይ ሁለት የኋላ መብራት ስትገጥም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ኋላ ማርሽ ስታስገባ ሁለቱም ቦግ አሉ። የናፍጣና የጋለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ከወሎ መጥተን አሶሳ ከሰፈርን ሦስተኛው መኸር ነበር። የአምባችን ትራክተር ሹፌር አያ ይመር ማሽላ ጭኖ ወደ ጎተራው በኋላ ማርሽ ሲጠጋ ከኋላ ቆሞ የሚጣራለት ሰው ይፈልጋል። ድምፄ ስለታም ነውና እኔን መረጠ። «ና፣ ና፣ ና... ያዝ!» እላለሁ፤ ያቆማል። ከዚያ ወደ ማሳው ሲመለስ ባዶው ተሳቢ ላይ ያሳፍረኛል። እግሬን አንጠልጥዬ፣ ነፋሱ ቀሚሴን እየነፋው፣ በማንጎዎቹ ሥር ማለፍ! ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ «ያዝ!» አልኩ። ደገምኩ። ጮህኩ። አያ ይመር መንገድ ዳር ከቆሙ ሰዎች ጋር ይሳሳቃል። ተሳቢው የቀርቀሃውን ጎተራ ደርምሶ ገባ፤ ማሽላው ተዘረገፈ። ሰው ሲሰበሰብ፣ «ልጅቷ ዝም አለች፤ ደግሞ ጨልሟል፣ ምን ላድርግ?» አለ። አባቴ እሱን አምኖ እኔን ገረፈኝ። ከተሳቢውም ተከለከልኩ። ልጆቹ ባለፍኩ ቁጥር «ና፣ ና፣ ጎተራ ግባ!» ይሉኝ ጀመር። የእያንዳንዳቸውን ስም ዛሬም አልረሳሁም።

ጎተራው ታድሶ ሲያልቅ ተሳቢው መብራት ይገጠምለት ተባለ። ከአሶሳ ከተማ ኸሊፋ የሚባል የበርታ ተወላጅ መካኒክ መጣ። ከአሮጌ መኪና የፈታቸውን ሁለት መብራቶች ሲያስር፣ ሽቦውን በተሳቢው ሆድ ሥር ሲስብ መፍቻ ሳቀብለው ዋልኩ።

«ጎተራ የሰበረ አንተ ነው?» አለኝ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

«እኔ ጮኼ ነበር!»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ። መብራት ይናገራል።»

ሲመሻሽ አምባው በሙሉ ለሙከራው ወጣ። ኋላ ማርሽ ሲገባ አዲሱ ጎተራ እንደ ቀን ታየ። ሰው አጨበጨበ። አያ ይመር ለጭብጨባው እጁን እያውለበለበ በኋላ ማርሽ መጣ። ማንም ሳያዘኝ «ያዝ!» አልኩ። ሕዝቡም ተቀብሎኝ «ያዝ! ያዝ!» አለ። ተሳቢው ጎተራው ውስጥ ገባበት። ማሽላው በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል ተዘረገፈ።

«አሁንስ ማን ዝም አለ?» አለች እናቴ።

ኸሊፋ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «መብራት ደህና ነው። ጆሮ ግን እኔ አልገጥምም» አለ።

አባቴ ይቅርታ አላለኝም፤ የዚያን ጊዜ አባት ልጁን ይቅርታ አይልም። ብቻ ብብቴን ይዞ አነሳና ተሳቢው ላይ አስቀመጠኝ።

አያ ይመር ዛሬ አርጅቷል። ሰርግ በተገኘ ቁጥር ያንን ታሪክ አሁንም በራሱ መንገድ ያወራዋል፤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ያኔ ለሁለት መብራት አምባው ሁሉ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ትናንት በተሳቢያችን ማሽላ ጭነን ልናደርስለት ሄደን፣ «አያ ይመር፣ እስቲ ከኋላ ሆነህ ጥራልን» አልኩት።

«መብራት አላችሁ አይደል?»

«ቢሆንም።»

ምርኩዙን ተደግፎ በቀጠነ ድምፅ፣ «ነይ፣ ነይ... ያዢ!» አለ። ትራክተሩን የምትነዳው ሐያት በመጀመሪያው «ያዢ» ቀጥ አለች።

«በአንዴ ሰማች!» አለ እየተገረመ።

«እኛ ቤት እንዲህ ነው» አልኩት።