ኩልሱም ያረደቻት ፍየል

ኩልሱም የጎንደር ፒያሳው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ያሕያ ልጅ ናት። ሚሊኒየሙ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት የእንስሳት ሐኪም ሆና ስሜን ተራሮች ስትመደብ፣ አባቷ ሱቁ ምን ጎደለውና ነው ገደል ለገደል የምትንከራተቺው ብለው ተቆጥተዋታል። እሷ ግን ጭኑ አብጦ የሚያነክስ ዋልያ ካየች ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ነው፤ ውስጡ የኮሶ ትል እጭ አለ። የሚያዛምተው ውሻ ነው ብላ ጠርጥራለች። ውሻ እንዲህ ያበጠ የፍየል ሥጋ ይበላል፣ ሣሩ ላይ ይጸዳዳል፣ ዋልያው ያንኑ ሣር ይግጣል። ይኸው ነው፤ ምን ይከብዳል? አለቃዋን ግን ከበደው። ላቦራቶሪ ሳያረጋግጥ ገበሬ ጆሮ እንዳይገባ፣ ሕዝብ እንዳታሸብሪ ብሎ አፏን ለጎማት። ማረጋገጫ እንዳታመጣ ደግሞ፣ የሞተ ዋልያ በተገኘ ቁጥር ወይ ጅብ ይቀድማታል፣ ወይ ጠባቂዎቹ በክት ነው ብለው ገደል ይሰዱታል። ኧረ ስንቴ በንዴት አለቀሰች!

በመጨረሻ ከፓርኩ ጥግ የሚያርሱት አያ አዳሙ ጭኗ ያበጠ ፍየል አለችኝ አሏት። ኩልሱም እግሯ መሬት አልነካም። ፍየሏን ገዛች፣ ቢላ ተቀበለች፣ አፏ እንደለመደው "ቢስሚላህ" ብላ አረደቻት። ከፊኛዎቹ አንዱን ጠርሙስ ውስጥ ከታ፣ በረዶ ላይ ልታስቀምጠው ወደ መኪናዋ ወረደች። ሥጋውን የመንደሩ ሰው ይቀብረው ይብላው አላሰበችም። ጎንደር ተወልዳ፣ የእስላሙንና የክርስቲያኑን ልኳንዳ ለይታ እያወቀች ያደገች ሰው ይህን ትረሳለች? ረሳችዋ!

ስትመለስ ውሾቹ ሥጋውን ተቀራምተውታል። ያበጠው ጭን የለም።

"አያ፣ ምነው ለውሻ ሰጡት?" አለች።

አያ አዳሙ አፈሩ። "ክፉ አይምሰልሽ ልጄ። አንቺ የባረክሽውን እኛ አንበላ። ከሚባክን ብለን ነው። ጥፋት አለው እንዴ?"

ከዚህ በኋላ አለቃ አልታያትም። ስለ ትሉም፣ ስለ ውሻውም፣ ስለ ሣሩም፣ ያዩትን ያበጠ ሥጋ ሁሉ መቅበር እንዳለባቸውም ዘረገፈችላቸው። የሽማግሌው ፊት እየጠቆረ ሄደ።

"ይህን እያወቅሽ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽን?"

ውሾቹ አፋቸውን እየላሱ፣ መንጋውን ተከትለው ዋልያዎቹ ወደሚግጡበት ሽቅብ ወጡ።