ደጃፍ ላይ የቀረው የእግር ድጋፍ

የእናቴ ታላቅ ወንድም አይከል ከተማ የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። ከበቅሎ ወድቀው ጉልበታቸው አጠገብ ያለው ነርቭ ስለተጎዳ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሲራመዱ ጣቶቻቸው መሬት ይጭራሉ። ወረብ ሲፋጠን እግራቸው ይጠላለፋል። «ቆሜ ካልዘመርሁ ምኑን መሪጌታ ሆንሁት?» ይሉኝ ነበር።

ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጅማት ጤነኛ መሆኑን ነገረን። እርሱን ከጫፉ ፈትቶ፣ በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መካከል አሳልፎ፣ ከእግሩ በላይ በኩል ይተክለዋል። ከዚያ በኋላ ጅማቱ እግሩን ማንሳት ይጀምራል።

ቀዶ ጥገናው ተደርጎ ጄሶው ሲወልቅ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታለማምዳቸው ጀመር። እግራቸውን ወደ ውስጥ ለማዞር እንዲያስቡ ነገረቻቸው። አሰቡ፤ እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ቀና አለ።

«ይቺ እግሬ እንደ ልጆቼ ነች» አሉ እየሳቁ። «ያዘዝኋትን ትታ ሌላ ትሠራለች። ግን ሸጋ ነው።»

ከጫማ ውስጥ የሚደረግ፣ ከእግር መዳፍ እስከ ባት የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ተሰጣቸው። ጅማቱ እስኪጠነክር ያለ እርሱ እንዳይቆሙ ሐኪሙ አጥብቆ ነገራቸው። በደንብ ሰምተዋል፤ እኔም አጠገባቸው ነበርሁ።

የደብራቸው ታቦት በሚነግሥበት ዕለት የሆነውን የሰማሁት ከባለቤታቸው፣ ኋላም ከራሳቸው ነው። ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ድጋፉን አዩት። መርገጫ አለው፤ ስለዚህ ጫማ ነው ብለው እርሱንም አውልቀው ከጫማቸው ጎን አስቀመጡትና በባዶ እግራቸው ገቡ።

ዜማው ዝግ ሲል ምንም አልሆኑም። ከበሮው ሞቆ መዘምራኑ ጎንበስ ቀና ሲሉ ግን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አንድ ነገር ላላ። አልወደቁም። ጎናቸው የነበረውን መዘምር ትከሻ ይዘው ወረቡን ጨረሱ።

ጅማቱ ከተተከለበት ተላቅቆ ነበር። ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊሞከር እንደሚችል ነገራቸው፤ እንደ መጀመሪያው ግን ተስፋ አልሰጣቸውም። እርሳቸውም ይቅርብኝ አሉ።

የደብሩ አለቃ ሊጠይቋቸው ሲመጡ እኔም ነበርሁ። አዝነዋል።

«ምነው መሪጌታ፣ ምናለ ቢጠይቁኝ? በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይግቡ እል ነበር።»

«ስንቱን ጫማህን አውልቅ ብዬ ከደጅ የመለስሁ እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ። «ለራሴ ሲሆን ፈቃድ መጠየቅ አፈርሁ።»

ባለፈው በዓል ሄጄ ነበር። አጎቴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጸናጽላቸው ከምቱ አልወጣም። መዘምራኑ ተሰልፈው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን አቀረቀሩ፤ ወረቡ እስኪያልቅም ቀና አላሉም።