ቁልፍ ተሸካሚው ቀለመ ወርቅ

ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ። ደንበኛዬ ነው፤ በዕድሜም ይበልጠኛል፤ ንፋስ መውጫ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ደንበኛውን አንተ እያለ እንጀራ አይበላም። እዚህ ግን አልገደድም። ቀለመ ወርቅ እሱ ነው።

ከሩቅ የሚታወቀው በቁልፎቹ ነው። አንጥረኛ ቀጥቅጦ በሠራለት የብረት ቀለበት ላይ አንድ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሎ ይዞራል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ልጆች እንኳ ሲጫወቱ ይህን ድምፅ ከሰሙ መንገድ ይለቁለታል፤ እሱ አክብረውኝ ነው ብሎ ያስባል።

እነዚህ ቁልፎች ከየት መጡ ለሚል ሰው የሕይወት ታሪኩ ይኸውና። መጀመሪያ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ገበሬው የዘር ወቅት እንዳያልፍበት ተሯሩጦ ሲመጣ፣ እሱ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነገ ኑ ይል ነበር። ስርቆት አልተገኘበትም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚፈልገው ነገር አለ እል ነበር፤ የእሱ ፍላጎት ግን ሰው በር ላይ ቆሞ ሲለምነው ማየት ብቻ ነው። በመጨረሻ አባላቱ ተሰብስበው አወረዱት፤ ጓጉንቸሩንም ቀየሩት። እሱ አሮጌውን ቁልፍ ይዞ ቀረ።

ቀጥሎ ከአንድ የስማዳ ሰው ጋር ወፍጮ ቤት ከፈተ። ሸሪኩ በማለዳ መጥቶ በር ላይ ይቀመጣል። ቁልፍ ያዡ ቀለመ ወርቅ ግን ሰፈሩን ሁሉ ሰላም ብሎ፣ ጠላውን ቀምሶ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይደርሳል። እህል የጫኑት አህዮች ሌላ ወፍጮ ለመዱ። ወፍጮው ተነቅሎ ተሸጠ፤ ቤቱ ዛሬ የበግ ማደሪያ ነው፤ በርም የለው። ቁልፉ ግን ዘለላው ላይ አለ።

እድሩ ደግሞ አያድርስ ነው፣ የድንኳኑንና የድስቱን ቤት ቁልፍ ለእሱ ሰጠ። አንድ የክረምት ቀን ሰው ሞተ። ቀለመ ወርቅ ቁልፉን ይዞ ወገዳ ገበያ ሄዷል። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲመረው መጥረቢያ አመጣና ጓጉንቸሩን ሰበረው። በቀጣዩ ስብሰባ ሌላ ሰው ተመረጠ። ያኛውን ቁልፍም አልመለሰም፤ የጠየቀውም የለም፤ ምን ያደርግለታል?

የመኪናው ቁልፍም እዚሁ ዘለላ ላይ ነው። መኪናዋ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረች አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ ገብስ እየጫነ ወገዳ ይመላለስባታል። ባለፈው ዓመት ወደ እኔ አመጣትና “አንዳንዴ አልነሳም ትላለች” አለኝ።

አንዳንዴ የሚለው ቃል ለእኛ ሥራ መርዝ ነው። ጭራሽ የማትነሳ መኪና ቀላል ናት። አንዳንዴ እምቢ የምትል መኪና ግን ሠሪው ፊት ስትቀርብ ጨዋ ትሆናለች። አስነሳት አልኩት፤ ተነሳች። አጥፍቶ ደገመ፤ ተነሳች። ዝም ብዬ ልሸኘው ስላልፈለግሁ የባትሪውን ጫፎች ፈትቼ ነጩን ዝገት በሙቅ ውሃ አጠብኩ፤ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ ካርቦኑን አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። በማግሥቱ ቤቱ በር ላይ እምቢ አለችው። ወደ እኔ በግፊ አስነስቶ ሲያመጣት ደግሞ እንደገና ጨዋ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ሰይፈዲን ያበላሻት መኪና ይላት ጀመር። ስሜን ያነሳው ማን እንደሆነ አይጠፋኝም። እሱ ራሱ ግን አንድ ጎረቤቱ ዓይኑ መጥፎ ነው ብሎ ስለጠረጠረ፣ መኪናዋን ከሰውዬው አጥር አርቆ ቁልቁለት ላይ ያቆማት ነበር።

ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ስቄ በተውኩት። ግን ሚስቱ አሉ፤ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። እሳቸውን አንቱ የምላቸው ከልቤ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪሞች ደብረ ታቦር በዘመቻ መጥተው ሞራ ያነሳሉ፤ ባለፈው ዓመት ወረፋ ደርሷቸው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት መኪናዋ አልነሳ አለች። ሰዎች በሚኒባስ ይሂዱ ቢሉት፣ መኪና እያለኝ ሚስቴን ከሰው ጋር አላጋፋም አለ። ወረፋቸው አለፈ። ሴትዮዋ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ እየዳበሱ ኖሩ። ይህን ስሰማ የናቅሁትን ንቀት አሁንም አልጨረስኩትም።

ዘንድሮ የዘመቻው ቀን ሲቃረብ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ራሳቸው ሰው ላኩብኝ። ቤታችን መጥተህ መኪናዋን እያት፣ ዘንድሮም ብቀር አላይም አሉኝ። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ሄድኩ። መሣሪያዬን እንኳ አላወጣሁም፤ ቆሜ ሰውዬውን አየሁት።

ቀኝ እጁ ቁልፉን ያዞራል። ግራ እጁ በመስኮት ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። መኪናዋ እምቢ አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ጋ ሲመጣ ግራ እጁ ዘለላውን ከሥር ጭብጥ አድርጎ ይይዘው ነበር፤ የቁልፎቹን ጥርስ አይቼ እንዳላስቀርጽ! ቤቱ በር ላይ ግን ያ ሁሉ ብረት የመኪናው ቁልፍ ላይ ይንጠለጠላል። በወገዳ መንገድ ሲናጥ ከርሞ የቁልፉን ማስገቢያ ውስጡን በልቶታል፤ ወደ ታች ሲጎትተው ውስጥ ያሉት ብረቶች አይገናኙም። እጄን በመስኮት ሰድጄ ዘለላውን ከፍ አደረግኩና ያዙሩት አልኩት። ተነሳች። አጠፋ፤ ዘለላውን ለቀቅኩት፤ እምቢ አለች።

አዲስ ማስገቢያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ የመኪናዋን ቁልፍ ብቻውን ይለዩት አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

“አንዲት ቁልፍ ይዤ ከሰው ፊት ልውጣ? ዘበኛ ነኝ?” አለኝ።

ነገ በግራ እጄ እይዘዋለሁ ብሎ ሸኘኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አላስችል ብሎኝ ከባለቤቴ ከፈትያ ጋር ሄድኩ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ጋቢና ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኛቸው ወጥቷል። ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ የቀለመ ወርቅ ግራ እጅ በራሱ ጊዜ በመስኮት ወጣ። መኪናዋ ዝም። ተናዶ ቁልፉን በኃይል ጠመዘዘው፤ ዘለላው ተወዛወዘና ማስገቢያው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አሁን ዘለላውን ቢይዘውም ባይዘውም አንድ ሆነ። በሩ ፊት ቁልቁለት የለ፣ ቁልፉም አይዞር፣ መሪውም ተቆልፎ ቀረ። እሱ ግን ወርዶ ለጎረቤቱ፣ ነገ እንሄዳለን፣ ሐኪሞቹ የትም አይሄዱም ይል ጀመር።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በሩን ዳብሰው ከፍተው ወረዱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“እነዚህ ቁልፎች አንድ በር ሲከፍቱ፣ ዓይኔ ደህና ሳለም አላየሁ” አሉ።

ሰው ሁሉ ሰማ። ማንም አልሳቀም፤ ቢሳቅ ይሻለው ነበር። ፈትያ እጃቸውን ይዛ ወደ መናኸሪያ ወሰደቻቸው፤ በሚኒባስ ሄዱ። እሱ የቆመችውን መኪና በር እየከፈተ እየዘጋ ቀረ።

የሚመለሱ ዕለት መናኸሪያ ጠበቅኳቸው። ቀለመ ወርቅም በእግሩ መጥቶ ቆሟል፤ ዘለላው በእጁ ነው። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከሚኒባሱ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ። የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተነስቶላቸዋል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል ተብሏል። ሰውን አንድ በአንድ ያያሉ። እሱ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። አሁን ይሰድቡታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ባጃጅ ጠሩና ገብተው ጥግ ይዘው ቦታ ለቀቁለት። ተናደድኩ፤ እኔ ብሆን በእግሩ ይምጣ እል ነበር።

ገብቶ ተቀመጠ፤ ቁልፎቹን ጭኑ ላይ አኖራቸው። ፊቱን አዩት፤ ከዚያ ቁልፎቹን አዩ።

“አንቱ፣ እንዲህ አርጅተዋል እንዴ?” አሉት። “ይህን ሁሉ ብረት ተሸክመው ነው?”

ባጃጁ ሲነሳ ዘለላው እንዳይጮህ በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ያዘው።